የብረት ጥፍር በእህቴ ማሳ

የእህቴ ማሳ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ወደ ቆላው የዝቋላ ወረዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ተዳፋት ላይ ነበር። ሁለት ጥማድ ይባላል እንጂ ግማሹ ድንጋይ ነው። ባሏ ሲሞት የቀራት ይኸው ማሳ፣ አንዲት ላምና ሁለት ልጆች ነበሩ። በአገራችን ሴት ሞፈር አትጨብጥም፤ ስለዚህ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ባለ በሬ ሽማግሌ ያርሱላታል፣ ከሚገኘው ገብስ እኩሉን እሳቸው፣ እኩሉን እሷ ይወስዳሉ። ያ እኩሌታ የዓመት ቀለቧ ነው። ሌላ አልነበራትም።

እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። በልጅነቴ ተድሬ፣ ሃያ ዓመት ሲሆነኝ ልጅ ሳልወልድ ተፈትቼ ስመለስ፣ ሌላው ሁሉ «እንግዲህ ምን ትሆን ይሆን?» ሲል እሷ «ትምህርት ቤቱ ሴትም ይቀበላል አሉ» አለችኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ከእኔ ግማሽ ዕድሜ ካላቸው ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርሁ። ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ ሠላሳ ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈን ነገር ከልኩ በላይ ያምናል። ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

በከተማው ተከፍቶ የነበረ አንድ አነስተኛ የእርሻ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ቀጠረኝ። እዚያ በሠራሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ፣ መንገዱ ደርቆ ሳለ፣ ከኮረም በኩል በጭነት መኪና ተጭና አንዲት ትራክተር መጣች። ሰው ትራክተር ሲባል የሰማው ቤት የሚያህል ነገር ነበር፤ ይህቺ ግን ከበሬ ጥቂት ብትበልጥ ነው። ስትወርድ የገበያው ሰው ከብቦ ያያት ነበርና አንዱ «እናቷ ወዴት ቀረች?» አለ። ስሟ ከዚያ በኋላ «ግልገሏ» ሆነ።

ግልገሏ ከፊቷ ሁለት የብረት ክንዶች አሏት። ክንዶቹ ጫፍ ላይ ግን ምንም አልነበረም፤ የሚገጠመው ዕቃ ለብቻው ይታዘዛል። ኃላፊያችን ከመሐል አገር የመጡ ጨዋ ሰው ነበሩ። ሥዕል ያለበት የእንግሊዝኛ መጽሔት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «አንድ ብቻ ምረጡ ብለውናል፤ አንብቢና ከሾፌሩ ጋር ተስማምታችሁ ንገሩኝ» አሉኝ።

መጽሔቱ ላይ ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው አፈር የሚዝቅ ትልቅ አካፋ ነው። ሁለተኛው ገለባ የሚያነሣ የብረት መንሽ ነው። ሦስተኛው እንደ ሰው እጅ የተሠራ ነገር ነው፤ ከታች የተደረደሩ የብረት ጣቶች፣ ከላይ ደግሞ በዘይት ግፊት የሚከፈትና የሚዘጋ መንጋጋ አለው። በኋላ ሁላችንም ጥፍር አልነው።

ሾፌሩ የደሴ ሰው ነበር፤ መንገድ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየ፣ ነገር የማይሸሽግ ሰው።

«አካፋውን እንዘዝ» አለኝ። «አካፋ አፈርም ይዝቃል፣ ድንጋይም ይገፋል። ጥፍር ግን ጥፍር ብቻ ነው።»

«አካፋው ድንጋዩን ከነአፈሩ ነው የሚወስደው። በዚህኛው አፈሩ በጣቶቹ መሐል ይወርዳል።»

«የት አየሽው?»

«እዚህ ላይ።»

«እሰይ። እንግዲያ መጽሔቱ ይንዳት።»

ቀለደብኝ እንጂ አልተቀየመም። እኔም ነገሩን በስንፍና አልያዝሁትም። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ ያልገባኝን ቃል በወረቀት እየጻፍሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አነበብሁ። ጥፍሩ ራሱ ከከበደ፣ ለድንጋዩ የሚተርፍ ጉልበት እንደማይኖር አነበብሁ። ከግልገሏ ጎማዎች ስፋት አልፎ በጎን ከወጣ ከእርከኖቹ ካብ ጋር እየተጋጨ እንደሚያስቸግር ደረስሁበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መንጋጋውን የሚከፍት የሚዘጋ ሌላ ጥንድ የዘይት ቱቦ ያስፈልጋል፤ ክንዶቹን የሚያነሣው ቱቦ ብቻውን አይበቃም። ይህን ስነግረው ሾፌሩ ከሥሯ ገብቶ አየና ልብሱን እያራገፈ ወጣ።

«እውነትሽን ነው፤ የለም። ሳናዝዘው ቀርተን ጥፍሩ ቢመጣ ኖሮ እጁ የሰለለ ሰው ይዘን ልንቀመጥ ነበር» አለ። «ጎማ ሳትነኪ መካኒክ ሆንሽ በይኛ።»

የደነቀኝን ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጥፍሩን በተመለከተ እኔ ካልሁ አለቀ ማለት ሆነ። ከዚያም የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጣቶቹ ክፍተት። አንደኛው ጥፍር በጣቶቹ መካከል አንድ ስንዝር ያህል ይተዋል፤ ለቁጥቋጦና ለሥር የተሠራ ነው ይላል። ሌላኛው በሰው እጅ አራት ጣት ወርድ ብቻ ይተዋል፤ ለድንጋያማ መሬት ይላል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ እህቴ ማሳ ሄድሁና ድንጋዮቹን በስንዝር መለካት ጀመርሁ። ኃላፊው ለማሳያ የሚሆን መንገድ ዳር ያለ ማሳ ይፈልጉ ነበር፤ የእህቴን የጠቆምሁላቸው እኔ ነኝ። ባለ በሬው ሽማግሌ ከማዶ አይተውኝ መጡ። በቤታቸው የሚናገሩት ኽምጣኛ ነው፤ አማርኛቸውም ረጋ ያለ፣ ቃል የሚመርጥ ነበር።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ለድንጋይ ጥብቆ ልታሰፊለት ነው?»

«ምን ያህል እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው፣ አባባ። የሚያነሣ ዕቃ ልናስመጣ ነው።»

«ትልቁን አንሡልኝ። ማረሻ ሲሰብርብኝ የኖረ ነው፣ እመርቃችኋለሁ። ትንሹን ግን ተዉት።»

«ለምን ይተዋል?»

ጭብጥ የምታህል ድንጋይ በዱላቸው ገለበጡ። «ይቺ ልብሷ ናት። ነሐሴ ላይ ዝናቡ አቁሞ ሳምንት ካለፈው በኋላ ከሥሯ እጅሽን ስደጂ፤ ይቀዘቅዝሻል። ጎርፍ ሲመጣም መጀመሪያ የሚመታው እሷን ነው፤ አፈሩ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። አባቶቻችን ሰንፈው የተዉት እንዳይመስልሽ።»

«እሺ» አልኋቸው። የድንጋዮቹን ቁመትና ወርድ አንድ በአንድ ጻፍሁ። እሳቸው ያሉትን ግን አልጻፍሁም።

ለእህቴ ነገርኋት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ከሰፌዱ ማዶ ለቀምሁ።

«እታለም፣ ሽማግሌው ትንሹን ድንጋይ ተዉት ይላሉ።»

«አንቺ ያነበብሽው ምን ይላል?»

«ሁሉም ይውጣ ይላል።»

«እንግዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ? ያስተማርሁሽ ልትነግሪኝ ነው ወይስ ልትጠይቂኝ?»

መጽሔቱ ግን እንደዚያ አላለም። ለድንጋያማ መሬት ነው ብሎ አቁሟል። ሁሉም ይውጣ ያለኝ ሥዕሉ ነው። ሥዕሉ ላይ አንዲት ጠጠር የሌለባት ጥቁር ሜዳማ መሬት ነበረች፤ ትልም ትልሟ በክር የተለካ ይመስላል። የየትኛው አገር መሬት እንደሆነች እንኳ አልተጻፈም። እኔ ደግሞ ምስር ስለቅም አንዲት ጠጠር የማላሳልፍ፣ ደብዳቤ ስጽፍ አንድ ፊደል ከተሳተ ወረቀቱን የምቀይር ሰው ነኝ። ያንን ማሳ በየዓመቱ ባየሁ ቁጥር እንደ ድህነታችን ምልክት አፍርበት ነበር። ባለ ስንዝሩ ጥፍር ትልልቁን አንሥቶ ጭብጥ ጭብጥ የሚያህለውን ይጥለዋል፤ ባለ አራት ጣቱ ሁለቱንም ይወስዳል። ባለ አራት ጣቱ ይታዘዝ ብዬ ጻፍሁ፤ ኃላፊው ፈረሙ።

ጥፍሩ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ የመጣው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ሾፌሩ ሲገጥመው አንድ ቀን ሙሉ ፈጀበት። በማግሥቱ እህቴ ማሳ ዳር የተሰበሰበው ሰው ለሠርግ የተጠራ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሾፌሩ አንድ ትልቅ ድንጋይ መረጠ። ጣቶቹን አጋድሞ ከሥሩ ሰደደ፣ መንጋጋውን ዘጋ፣ አነሣ። ድንጋዩ ሲነሣ የግልገሏ የኋላ ጎማዎችም አብረው ከመሬት ተነሡ። ሾፌሩ ቶሎ አወረደው።

«ሰገደች!» አለ ከሰዎቹ አንዱ፤ ሁሉም ሳቀ።

«የሰገደችው ኋላዋ ባዶ ስለሆነ ነው» አለ ሾፌሩ ላቡን እየጠረገ። ወደ እኔ ዞሮ «መጽሔትሽ ይህን አላለም?»

ብሎ ነበር። የኋላ ክብደት የሚለውን አንብቤ፣ ብረት ለሆነች ነገር ደግሞ ሌላ ክብደት ምን ያደርግላታል ብዬ አልፌው ነበር። ነገርሁት። ባዶ በርሜል አምጥተው ከኋላዋ አሰሩና በዚያው ማሳ ድንጋይ ሞሉት። ከዚያ በኋላ ግልገሏ አልሰገደችም። ሾፌሩ ዘዴውን ቶሎ ያዘ፤ የጨበጠውን ከሰው ጉልበት ከፍታ በላይ አያነሣም፣ ተዳፋቱን አግድም አይሄድበትም፤ ቁልቁል ፊቱን ሰጥቶ ይገባል፣ ዳገቱን በኋላው ይወጣል። የያዘውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲወዘውዘው አፈሩ በጣቶቹ መሐል እንደ ዱቄት ይወርዳል። ትንንሾቹ ድንጋዮች ግን አይወርዱም። አራት ጣት ክፍተት በትክክል የሚሠራው እንዲህ ነበር፤ እኔ እንዳሰብሁት።

አራት ቀን ፈጀ። እኔ ከጽሕፈት ቤት ስወጣ እየሄድሁ ከኋላው እከተላለሁ።

«እዚህ ጋ ቀርቷል።»

«እሱን እንኳ ዶሮ ትልቀመው» ይለኛል ሾፌሩ።

«ጥፍሩን ጠለቅ አድርገውና ይወጣል።»

ጠለቅ ያደርገዋል። ይወጣል።

ከማሳው የወጣው ድንጋይ እንደ ትንሽ ኮረብታ ተቆልሎ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ የእህል መጋዘን ሊሠራ መሠረት ቆፍሮ ስለነበር ኃላፊው ድንጋዩን ለምነው ጠየቋት፤ እህቴም «ከወሰዳችሁልኝ እኔ ነኝ የማመሰግን» አለች። ሰኔ ሳይገባ ትልቁም ትንሹም ተጓጉዞ አለቀ። ለሠራተኞቹ ጠላ ጠምቃ ነበር፤ በአፋፉ ቆማ ማሳዋን ስታይ ፊቷ ላይ ያየሁት ኩራት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ኃላፊውም «አሁን እርሻ መሰለ» አሉ።

ሽማግሌው በማሳው መሐል ከዳር እስከ ዳር ሄዱ። ጎንበስ ብለው አፈር ዘገኑ፣ መዳፋቸው ላይ አሹት፣ ለቀቁት።

«ተላጨች» አሉ።

በእኛ አገር ሴት ፀጉሯን የምትላጨው ሐዘን ሲገባ ነው። እህቴ ሰምታለች፤ ጠላ መቅዳቷን ግን አላቋረጠችም። ሽማግሌውም ያን ዓመት እንደ ወትሮው አረሱላት፤ ማረሻቸው አንድ ጊዜም አልተሰበረም።

ገብሱ በተዘራ በሳምንቱ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ከቢሮው መስኮት ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ሲያባራ ሄድሁ። ጎርፉ ተዳፋቱን ጣት ጣት የሚያክል ቦይ እያወጣ ወርዶ የታችኛውን ካብ ሁለት ቦታ ንዶታል። የቀረው አፈር በፀሐይ ደርቆ እንደ ቂጣ ጋገረ። ከዚያ ሥር የነበረው ዘር አንዳንዱ ቅርፊቱን ሰብሮ ወጣ፤ አንዳንዱ እዚያው ታፈነ። ሽማግሌው መጥተው በዶማ ጫፍ ሲሰባብሩት ዋሉ። እህቴም ከልጆቿ ጋር በእጇ ስትሰባብር ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ቆመ። መጀመሪያ ሰው «ይመለሳል» አለ። ከዚያ ማለቱን ተወው። እኔ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ወደዚያ እሄዳለሁ። የእህቴንና የሽማግሌውን የራሳቸውን ማሳ የሚለየው ድንበር አንድ እርምጃ የማይሞላ የሣር መስመር ነው። ዘሩ አንድ፣ የተዘራበት ቀን አንድ፣ ያረሱትም በሬዎች እነዚያው ናቸው። በዘጠነኛው ቀን የእህቴ ገብስ ከጫፉ ቢጫ መሆን ጀመረ። የሳቸው ዝቅ ያለ፣ የሳሳ፣ ግን አረንጓዴ ነበር። ድንበሩን ተሻግሬ አንዲት ድንጋይ አነሣሁና እጄን ከሥሯ ሰደድሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ወደ እህቴ ማሳ ተመልሼ መሬቱን ነካሁት፤ እንደ ምጣድ ይፋጃል።

መስከረም ሲጠባ የሽማግሌው ገብስ ፍሬ ያዘ። ፍሬው ቀጭን ነበር፤ ቤተሰባቸውን እስከ ጥር ቢያደርስ ነው። የእህቴ ግን ዛላ ሳያወጣ ደረቀ። አጭደን ለላሟ ሰጠናት። የሚካፈል ነገር አልነበረም። ሽማግሌው ከራሳቸው አንድ ቁና ገብስ አምጥተው ደጃፉ ላይ አኖሩና አጎንብሰው ተቀመጡ።

«ልጄ» አሏት፣ እኔን ሳያዩ፣ «በሬዎቼ ከስተዋል። ለከርሞ ይህን ማሳ ላርሰው አልችልም።»

«ድንጋዩን ብንመልሰውስ፣ አባባ?» አልሁ እኔ።

«ከየት?»

ትልቁ ድንጋይ የመጋዘኑ መሠረትና ግድግዳ ሆኗል፤ ጭብጥ ጭብጥ የሚያህለው ደግሞ ከወለሉ ሥር ተደልድሎ ተረግጧል። በማግሥቱ ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ትንሹን እንኳ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ። ሰውየው አልተቆጡም።

«ወለሉን ላፍርስልሽ? ዝናብ የቀረው በሁሉም ላይ ነው እኮ።»

የሥራውን ሪፖርት የጻፍሁት እኔ ነኝ። «ማሳው በሚገባ ጠርቷል» ይላል። ቃል በቃል እውነት ነው።

ከዚያ እህቴና እኔ ከታችኛው ሸለቆ በቅርጫት ድንጋይ ማመላለስ ጀመርን። እሷ ቀን፣ እኔ ከሥራ ስወጣና እሑድ ከቅዳሴ መልስ። በሁለት ሳምንት የሸፈንነው አውድማ የሚያህል ነው። አንድ ቀን ሽማግሌው መጡና የዘረገፍነውን በእግራቸው ነካ ነካ አድርገው «እንዲህ አይደለም፤ ሆዷን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጧት፣ አለዚያ ከሥሯ ንፋስ ይገባል» አሉን። አንድ በአንድ ልናገላብጥ ጎንበስ አልን። እህቴ ጥቂት አገላብጣ ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲህ ወደ ሸለቆው አልወረደችም። ረሃብ የገባበት ሰው ድንጋይ ለመሸከም ጉልበት አይኖረውም፤ እሷ ለልጆቿ እያለች ከማዕድ ትነሣ እንደነበር የገባኝ ያን ቀን ነው። የእኔ ደመወዝ ለአራት ሰው አልደረሰም፤ እህል ከገበያው እየጠፋ ነበር።

ሌሎች ሦስት ገበሬዎች ማሳችን ይጠረግልን ብለው ማመልከቻ አስገብተው ነበር። ማመልከቻቸውን የጻፍሁላቸውም እኔው ነኝ፤ የእህቴን ማሳ በግንቦት አይተው ነው የመጡት። ሾፌሩ ዘንድ ሄድሁ።

«ጣቶቹ በብሎን ነው የተያዙት። አንዱን እየዘለልህ ብትፈታቸውስ?»

ከግልገሏ ሥር ተኝቶ ሲሠራ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ። «ክፍተቱ እንዲሰፋ?»

«አዎ። ትልልቁን ብቻ እንዲያነሣ።»

የብሎን መፍቻውን አንሥቶ መፍታት ጀመረ። ይቀልዳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልቀለደም። የፈታቸውን ጣቶች ግድግዳው ሥር ደረደራቸው። የሦስቱ ገበሬዎች ማሳ በዚህ ሰፊ ክፍተት ተጠረገ፤ ትንሹ ድንጋይ እዚያው ቀረ። የዝናቡን ነገር ግን ማንም ሊያስተካክለው አይችልም ነበር።

ኅዳር ላይ እህቴ ወደ ዝቋላ ልትሄድ ቆረጠች። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም እዚያ አለ፤ ፍየልና ጥቂት ማሽላ አለው ይባላል። ቀድሞ ይወቅ ብላ ደብዳቤ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። የአጥቢያው ቄስ ያነቡለታል። ደጃፉ ላይ ተቀመጥን።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሰላምታውን አስቀድሚ። ከዚያ ዝናብ ቀረብን በይ።»

«ዝናብማ ለሽማግሌውም ቀርቷል፣ እታለም። እሳቸው ግን አጭደዋል።»

«ዝናብ ቀረብን በይ።»

«የሆነው እንደዚያ አይደለም። ድንጋዩን ማንሣታችን ነው፤ እኔ ነኝ የመረጥሁት።»

«አንቺ ደግሞ።» ጉልበቷ ላይ የተኛውን ትንሹን ልጅ አስተካከለች። «እሱ ድንጋይ ቆጥሮ ነው የሚያስጠጋኝ? የተማረች እህቷ መሬቷን አበላሸችባት ተብሎ በዝቋላ እንዲወራ ነው? ያሳደግሁሽ ለዚያ አይደለም። ጻፊ።»

ጻፍሁ። «ዝናብ ስለቀረብን» ብዬ ጻፍሁ። አንብቢልኝ አለችኝ፤ አነበብሁላት። እንደገና አንብቢው አለችኝ። ሁለተኛ ሳነብ ያን ቦታ ቀስ ብዬ አለፍሁት።

«እንዲህ ነው እንጂ» አለች።

በሳምንቱ ላሟን ሸጣ ልጆቿን ይዛ ወጣች። መንገዱ በማሳው ዳር ያልፋል። እስከ ቁልቁለቱ ሸኘኋቸው፤ ትንሹን ልጅ እኔ አዝዬው ነበር። እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ ማሳው ጋ ስንደርስ እርምጃዋን አላዘገየችም፣ ወደዚያም አልዞረችም። ቁልቁለቱ ላይ ልጁን ከጀርባዬ ተቀብላ አዘለችው።

«በይ ተመለሽ፣ ሥራ ይረፍድብሻል» አለችኝ።